ከቀይ ክር በኋላ ሁለት ነጭ

ሞንታርቦዎቼን የሸጥኩት ጥምቀት ባለፈ በማግስቱ ነው። ሁለቱን ትልልቅ የድምፅ ሳጥኖች፣ ማጉያውን፣ ሁለት ካሴት የሚይዘውን ቴፕ ጭምር። የገዛኝ ሰው ሊያጫውትባቸው አይደለም፤ አዲስ በከፈተው ምግብ ቤት ጥግ ለጌጥ ሊያቆማቸው ነው። ይሠሩ እንደሆነ እንኳን አልጠየቀኝም። እኔ ግን ሰክቼ አሰማሁት። ሳይሰማቸው ቢወስዳቸው ሬሳ የሸጥኩ ይመስለኝ ነበር። ካሴቶቹን አልፈልግም አለ፤ እነሱ ከነካርቶናቸው አልጋዬ ሥር ቀሩ።

ጡረታ የወጣሁት እንዲህ ነው። ለድግስ አጫዋች የስንብት ደብዳቤ የሚጽፍለት የለም። ሙሽራው ሁሉ ዘፈኑን በስልኩ ይዞ መምጣት ሲጀምር ጥሪው እየሳሳ ሄደ፣ አንድ ቀን ጭራሽ ቀረ። ደመወዝ የሚባል አላውቅም፤ ፈቃድ የሚባል ወረቀት ግን በየዓመቱ ሳድስ ኖሬያለሁ። ስለሱ ይብቃ።

በሳምንቱ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ መኮንን ቤቴ መጣ። የምንኖረው ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው ኮንዶሚኒየም ነው፤ የጌጃ ሰፈር ቤታችን ሲፈርስ ይሄ ደረሰን። እድሩ ግን አልፈረሰም፤ ድንኳኑንና ድስቱን ተሸክሞ አብሮን መጣ። ድንኳኑና ድስቱ የሚቀመጡበት መጋዘን አለን። ከመጋዘኑ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ትዕግሥት የምትባል ኮሌጅ የጨረሰች የሰፈራችን ልጅ ተከራይታታለች። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፍና የሰፈሩን ወጣቶች ዘፈን ትቀርጻለች። ራፕ ነው የሚሉት። ዘፈን ይሁን ጭቅጭቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ መለየት ያቅተኛል።

«ጋሽ ሳህሌ፣ የቅዳሜውን ነገር ሰምተዋል?» አለኝ አቶ መኮንን።

ሰምቻለሁ። ሁለት ልጆች ክፍሏ በር ላይ ተጣልተው አንደኛው የሌላውን ግንባር በድንጋይ ፈንክቶታል።

«እሁድ ጠቅላላ ስብሰባ አለን። ክፍሏ ትዘጋ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ዘፈኑ ነው ልጆቹን ያበላሸው ይላል ሰው። በዚህ ሰፈር ደግሞ ስለ ዘፈን እርስዎን የሚያህል የለም። ቆመው ይንገሩን።»

«ምኑን?»

«ዘፈን ሰው ያማታል ወይስ አያማታም። ይኸው ነው።»

ሻዩን ጨርሶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር አለና፣ «ልብስ ሰፊው ጋሽ ደምሴም ይናገራሉ። እጃቸውን ያውቁት የለ? እንዲያውም ዋናው ማስረጃችን የእሳቸው እጅ ነው» አለኝ።

አውቀዋለሁ። የደምሴን እጅ ከእኔ በላይ የሚያውቀው ራሱ ደምሴ ብቻ ነው። ግን እሱም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ያንን ነገር የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን፤ ሁለተኛው ድሮ አብሮኝ ያጫውት የነበረው ሽፈራው ነው። እሁድ ሦስታችንም አንድ አዳራሽ ልንቀመጥ ነው። እስከዚያ አራት ቀን ነበረኝ። አራቱን ቀን ሙሉ ወደ ኋላ ስሄድ ስመለስ ዋልኩ።

ከጉራጌ አገር ወደዚህ ከተማ የመጣሁት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ፊደል እለያለሁ፣ ሲጣመር ግን ያስጨንቀኝ ነበር። በመጀመሪያ ዕቃ ተሸከምኩ። የተሸከምኩት ዕቃ አንድ ቀን ሞንታርቦ ሆነ፤ ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። «ሳታጋጭ ያመጣህልኝ የመጀመሪያው ሰው ነህ» ብለው በዚያው አስቀሩኝ።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናሉ፤ ቅዳሜና እሁድ ሰርግና ክርስትና ያጫውታሉ። መጠጥ በአፋቸው አይዞርም። ሰው ሁሉ በሰከረበት ድንኳን ውስጥ ከቤታቸው ያመጡትን ፔርሙስ ከፍተው ሻይ ይጠጣሉ። የክርስቲያን ድግስ ሲሆን ሥጋውን አይነኩም፣ ደጋሹ ሽሮ ለብቻ ያሠራላቸዋል። ብዙ ሰው ለጨዋታ ሲሉ የሚመጡ ይመስለው ነበር። እሳቸው ግን እንደ ሐኪም ነበር የሚመጡት።

ድግስ ቤት ሲደርሱ ሌላው አጫዋች መብራቱ ከየት ነው የሚሳበው ብሎ ይጠይቃል። ጋሽ ሰይድ ደጋሹን ወደ ጥግ ወስደው፣ «እዚህ ከሚመጣው እንግዳ ማንና ማን ነው የማይነጋገረው?» ይላሉ። ደጋሹ ያፍራል፣ ይስቃል፣ በኋላ ግን ይናገራል። ከዚያ ነው ሞንታርቦው የት እንደሚቆም የሚወስኑት። የተኳረፉትን ሰዎች ፊት ለፊት አያስቀምጡም፤ ድምፁንም ወደ እነሱ አያዞሩም።

ከዚያ ቀጥሎ እግር ማየት ነው። «ፊት ይዋሻል አንተ ሳህሌ። እግሩን እየው። ተረከዙ ከመሬት ከተነሳ ሰውየው ደስ ብሎታል። ተረከዙን ከተከለ ሊማታ ነው፣ ወላሂ፣ እየሳቀም ቢሆን።» አርባ ዓመት አየሁት፤ አንድ ቀን አልተሳሳተም።

ካሴቶቹ ክር ነበራቸው። ይህን በደንብ ልንገር፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደም የሚያሞቀው፣ ሽለላው፣ ፉከራው፣ ሰው ዱላውን ወደ ላይ የሚወረውርበት፣ ቀይ ክር ይታሰርበታል። የሚያበርደው፣ ሰው አጠገቡ ያለውን ትከሻ ይዞ የሚወዛወዝበት፣ ነጭ ክር። ሕጉ አጭር ነው፤ ከአንድ ቀይ በኋላ ሁለት ነጭ። ቀይ ደግሞ ሰው ጠጅ ሳይጀምር ነው የሚወጣው፣ ከጀመረ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ይተኛል። «ማሞቅማ ማንም ያሞቃል» ይሉ ነበር ጋሽ ሰይድ። «የምንጠራው ልናበርድ ነው። ሰው ይህን አያውቅም፤ ባያውቅም ይሻላል።»

አሁን ወደ ሽፈራው ልምጣ።

ሽፈራው ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ ጋሽ ሰይድ ዘንድ የገባ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሷል። የካሴቱን ጽሑፍ ከሩቅ ያነባል። ጥርሱ ነጭ፣ ድምፁ ሞልቶ የሚወጣ፣ ማይኩን ሲይዝ ድንኳኑ ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። ሙሽራዋን በስሟ ያሞግሳል፤ አማቷን ያስቃል፤ የሁሉንም ስም በአንድ ጊዜ መስማት ይይዛል። እኔ ሞንታርቦውን ተሸክሜ አመጣለሁ፣ ገመዱን ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እዘረጋለሁ፣ የተጠላለፈ ካሴት በእስኪርቢቶ አጠነጥናለሁ፣ የቴፑን ራስ በጥጥና በአልኮል እወለውላለሁ። ከዚያ ሰው «የሽፈራው ድምፅ እንዴት ያምራል» ይላል። እኔ ያጸዳሁት ድምፅ ነበር።

ቅናት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ድሮ ቅናት ማለት የሌላውን ሀብት መመኘት ይመስለኝ ነበር። የእኔ ቆጠራ ነበር። ጋሽ ሰይድ ከፔርሙሱ መጀመሪያ ለማን እንደቀዱ እቆጥራለሁ። እሱን «ሽፌ» ሲሉት እኔን «አንተ ሳህሌ» ማለታቸውን እቆጥራለሁ። የካሴት ሳጥኑ ቁልፍ በእሱ አንገት ነው የሚንጠለጠለው። ሚስቴ ብርቄ ያኔ እጮኛዬ ነበረች፤ አንድ ሰርግ ላይ በሱ ቀልድ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ አየሁ። ቀልዱን እኔ ነበርኩ የነገርኩት፣ ጠዋት፣ ሞንታርቦ ስንጭን። ያን ቀን እህል አልበላሁም።

ሽፈራው ክፉ ቢሆንልኝ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበረም።

የደምሴ እጅ የተጎዳበት ሰርግ የጌጃ ሰፈር ሰርግ ነው። ጋሽ ሰይድ የእናታቸውን መርዶ ሰምተው ወሎ ሄደዋል። ቁልፉን ለሽፈራው ሰጡ፤ ለእኔ «ገመዱን አደራ» አሉኝ። ሰዓት እላፊ ስለነበረ በዚያ ዘመን ሰርግ በፀሐይ ነበር የሚያልቀው። ከቀትር በኋላ ጠጁ ዞሯል፣ ሰው ሞቋል፣ ሽፈራው ነጭ በነጭ እያደረገ ይዞታል። በመሃል ደጋሹ የሩቅ እንግዶች መጡብኝ፣ ሽፈራው ወጥቶ በዘፈን ይቀበልልኝ አለ። ሽፈራው ማይኩን አስቀምጦ ቁልፉን አንገቴ ላይ አጠለቀው።

«ሳህሌ፣ ቀይ እንዳታወጣ። ነጭ ብቻ። ቶሎ እመለሳለሁ።»

ለምን ብዬ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። ጠዋት ደጋሹን ጋሽ ሰይድ እንደሚጠይቁት ጠይቆታል፤ ማንና ማን እንደማይነጋገር ያውቃል። ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ቅናቴ ዘጋው። አንድ ቀን ሰው ስሜን እንዳይጠራ ነው፣ ብቻውን ሊሞቅ ነው፣ አልኩ በሆዴ። ገና ከድንኳኑ ሳይርቅ ሳጥኑን ከፍቼ ቀዩን ክር ፈለግኩ።

የመጀመሪያውን ቀይ ስከተው ድንኳኑ ተነሳ። ሌላ ቃል የለኝም፣ ተነሳ። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ጋቢያቸውን አጣፉ። አንዱ መጥቶ ትከሻዬን መትቶ «ማነው ስምህ አንተ?» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፈር ድንኳን ስተክል ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ሳህሌ» አልኩት። «ሳህሌ ድገም!» ብሎ ጮኸ። ሌሎች ተቀበሉት። ስሜን አንድ ድንኳን ሰው ሲጠራው ሰማሁ።

ከአንድ ቀይ በኋላ ሁለት ነጭ ነው ሕጉ። እኔ ሁለተኛ ቀይ ከተትኩ። ከዚያ ሦስተኛ።

በሦስተኛው ላይ የሙሽራዋ አጎት መሃል ገባ። ፉከራ ላይ ሰው ይሸልላል፣ ጀብዱውን ይቆጥራል፣ ማንም አይቀየምም። ይህ ግን እየፎከረ ዞሮ ዞሮ አንድ ጎረቤት ፊት ቆመና ስለ አጥር አነሳ። አጥር የገፋ፣ ወሰን የበላ፣ እያለ። ለካ ሁለቱ በአጥር ተካሰው አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ጎረቤቱ ተነሳ፤ ፈገግ እንዳለ ነበር። እግሩን አየሁ። ሁለቱም ተረከዙ መሬት ላይ ተተክሏል። አየሁ፣ ገባኝም፣ እጄ ግን ቴፑን አላጠፋም። ሰው ገና «ሳህሌ» እያለ ነበር።

ደምሴ ከሁለቱም ጋር ጠብ የለውም። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነው፣ የሙሽራውን ሱፍ የሰፋው እሱ ነው። «ተዉ፣ በእናታችሁ» እያለ መሃል ሲገባ የአጎትየው ዱላ ወረደ። ደምሴ ቀኝ እጁን አነሳ። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን በሞንታርቦው ጩኸት መካከል እንኳን ሰማሁት። ሦስት ጣቱ ተሰበረ፤ ወጌሻ ቢያሸውም እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ በኋላ መቀስ ይዞ ሱፍ አልቆረጠም። ቁልፍ መትከልና ጫፍ ማጠፍ ብቻ በግራ እጁ ለመደ።

ጋሽ ሰይድ ሲመለሱ ሽማግሌዎች ሱቃቸው ድረስ መጡ። ሽፈራውና እኔ ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል።

«ምን ነበር የሆነው?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ዘፈኑ ነው ያነሳሳቸው» አልኩ እኔ፣ ማንም ሳይቀድመኝ። «ፉከራው ነው።»

«ሳጥኑ በማን እጅ ነበር?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ዝም አልኩ። ልናገር ነው፣ ልናገር ነው፣ እያልኩ ዝም አልኩ። ሽፈራው አየኝ፣ ከዚያ ጫማውን አየ። «ሳጥኑ ለእኔ ነበር የተሰጠኝ፣ ጋሽዬ» አለ። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። ጋሽ ሰይድ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ሽፈራው ያን ዕለት ከእኔ መልሶ የወሰደውን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ አኖረበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያ ቁልፍ በእኔ አንገት ላይ ነበር።

ሽፈራው ብዙ አልቆየም። መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ታክሲ ያዘ፤ ከልደታ መርካቶ ሲመላለስ ሠላሳ ዓመት ኖረ። ተሳፋሪውም ወደደው፣ ለነገሩ። ሰው የእሱን ታክሲ ጠብቆ ይሳፈራል ሲባል እሰማ ነበር። እኔ የተመኘሁት ሁሉ ተሰጥቶኝ፣ ቁልፉ፣ ማይኩ፣ የፔርሙሱ የመጀመሪያ ሲኒ፣ ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። አሁን ደግሞ በዝምታው ቀናሁ። በአንድ አረፍተ ነገር ከእኔ ከፍ ብሎ ሄደ፣ ልደርስበት አልቻልኩም። ታክሲው ሲያልፍ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። መነጋገር ተውን።

ጋሽ ሰይድ ያወቁ ይመስለኛል። አንድ ሰርግ ላይ እንደ ልማዳቸው ደጋሹን ማንና ማን ነው የማይነጋገረው ብለው ጠየቁት፤ ደጋሹ ማንም የለም አለ። ወደ እኔ ዞረው፣ «እኛስ ዘንድ?» አሉኝ። ገመድ እጠቀልል ነበርና መጠቅለሌን ቀጠልኩ። ዳግመኛ አልጠየቁኝም። በመጨረሻ አገራቸው ገብተው እዚያው አረፉ፤ ሳጥኑን ከነካሴቱ ለእኔ ተዉልኝ።

ከዚያ ሰርግ በኋላ በእኔ ድግስ ሰው ተማትቶ አያውቅም። ይህን በኩራት መናገር አማረኝ፣ ግን የፍርሃት ሥራ ነው። ድንኳን ስገባ እግር አያለሁ። አንድ ጊዜ የሁለት አማቾች ተረከዝ ሲተከል አይቼ ሶኬቱን በእግሬ ነቅዬ «መብራት ሄደ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው መብራት ኃይልን እየረገመ ተቀመጠ፣ የተጣሉትም በዚያ እርግማን ተስማምተው አብረው ጠጡ። ስንት ድግስ ላይ ቀይ አውጥቼ፣ በሰዓቱ፣ በልኩ፣ ሽማግሌው እየፎከረ ሲያለቅስ፣ ባላንጣው ተነስቶ ሲስመው አይቻለሁ። ያው ካሴት ነው። ያው ክር ነው።

ሰው ሲጠይቀኝ ግን አንድ ታሪክ ነበረኝ። «ፉከራ አደገኛ ነው። የደምሴን እጅ የሰበረው ፉከራ ነው።» ለደጋሽ ነገርኩ፣ ለልጆቼ ነገርኩ፣ ለደምሴም ራሱ ነገርኩት። አመነኝ። ቤቱ ውስጥ ዘፈን አያስከፍትም ይባላል፤ ልጁን ሲድር እንኳን በጭብጨባ ነው የዳረው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አዳራሹ ሞላ። ትዕግሥትና ጓደኞቿ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሽፈራው ከእኔ ሁለት ወንበር ቀድሞ ተቀምጧል፤ ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፣ ጆሮው ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ደምሴ ተነሳ። ብዙ አልተናገረም። ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳው፣ ሦስቱ ጣቶች አልዘረጋ ብለው እንደታጠፉ። «ይኸው» አለ። «እኔ ከማንም አልተጣላሁም። ይህን የሠራው ዘፈን ነው። የእናንተ ልጆች ጣት እንዲተርፍ ያቺን ክፍል ዝጉ።» ተቀመጠ።

ከኋላ አንዱ ወጣት «ጀለሴ፣ አለቀልን» ሲል ተሰማ።

ትዕግሥት እጇን አወጣች። «ጋሽ ደምሴን አከብራቸዋለሁ። የቅዳሜዎቹ ልጆች ግን የተጣሉት በኳስ ነው። ኳስ ይዘጋ?»

«ኳሱ እሰብርሃለሁ፣ አፈርጥሃለሁ አይልም» አሉ ከፊት አንዲት እናት። «የእናንተ ዘፈን ሌላ ቃል የለውም እኮ ልጄ።»

«ፉከራ ምን ይል ነበር እማማ? ገዳይ አይደል የሚለው?»

«የእኛ ሌላ ነው።»

«እኛም የእኛ ሌላ ነው እንላለን» አለች ትዕግሥት፣ ሰው ሳቀ። አቶ መኮንን ጠረጴዛውን መታ አድርጎ፣ «ጋሽ ሳህሌ» አለ።

ተነሳሁ። የወንበሩን ጀርባ ያዝኩ። አራት ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ስለ ቀይና ስለ ነጭ፣ ሁለቱንም ወገን የሚያስደስት። የደምሴ እጅ ገና ጉልበቱ ላይ ነበር። ያዘጋጀሁት ጠፋኝ።

«ዘፈን ያሞቃል» አልኩ። «አያሞቅም ያለ ይዋሻል። ግን ያለውን ነው የሚያሞቀው። ያን ቀን በዚያ ድንኳን አጥር ነበረ፣ ጠጅ ነበረ፣ ዱላ ነበረ። ሦስቱ ባሉበት ቀይ ክር እንደማይወጣ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቴፑ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድ አይደለም፣ ሦስት አወጣ። ሰው ስሙን እንዲጠራለት።»

«እሱማ ይታወቃል» አለ አንድ ሽማግሌ፣ ሽፈራውን እያየ።

«አይታወቅም» አልኩ። «ሽፈራው እንግዳ ሊቀበል ወጥቷል። ቀይ እንዳታወጣ ብሎኝ ነበር የወጣው። ቴፑ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። በሽፈራው ቀንቼ ነው። ደምሴ፣ ዘፈኑን አርባ ዓመት ያስረገምኩህ እኔ ነኝ።»

ደምሴ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ስንት ነበር ያልከው? ቀዩ።»

«ሦስት።»

«ጋሽ ሰይድ ያንን ክር የሚወስዱት ከእኔ ሱቅ ነበር» አለ። «ቀዩን እሸጥላቸው ነበር። ነጩን በነፃ ነበር የምሰጣቸው።» ከዚያ ፊቱን መልሶ ወደ ፊት አደረገ።

ክፍሏ አልተዘጋችም። ብዙው እጅ ወጣላት፣ ግን አንድ ነገር ተጨመረበት፤ ልጆቹ በሚቀርጹበት ቅዳሜ ቅዳሜ ሳህሌ ሄዶ ይቀመጥ፣ በድግስ ላይ እንደለመደው እግራቸውን ይይ ተባለ። እንደ ቅጣት ይሁን እንደ ሹመት አልገባኝም፤ አልጠየቅኩም።

ስብሰባው ሲበተን የሆነውን ልንገራችሁ። ያን ሁሉ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሰው ግን ተነስቶ ወደ ሽፈራው ሄደ። እጁን ያዙት፣ አቀፉት፣ «አርባ ዓመት ዝም አልክ?» እያሉ። እኔ ወንበሬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ደግሞ ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያች ሰዓት እንኳን ቀናሁ።

ሽፈራው ደረጃው ላይ ደረሰብኝ። ከዘራ ይዟል፣ ቀስ ብለን ወረድን።

«ለምን አልተናገርክም ያኔ?» አልኩት።

«ስመለስ ሦስት ቀይ ክር ከሳጥኑ ውጪ አየሁ። ነገሩ ገባኝ» አለ። «ልናገር ነበር። ከዚያ ደስ አለኝ።»

«ደስ አለህ?»

«ጋሽ ሰይድ ሲሰሙ እንዴት እንደሚጠሉህ አሰብኩና ደስ አለኝ። ደስ መሰኘቴን ሳይ ፈራሁ፣ አፌን ዘጋሁ።» ሁለት ደረጃ ወረደ። «እኔ ስገባ ክር አልነበረም፣ ሳህሌ። ካሴቱ ላይ ጽሑፍ ነበር፣ አነብ ነበር። አንተ መጣህ፣ ማንበብ አቃተህ። በሁለተኛው ሳምንት ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው፣ ያን ሁሉ ካሴት አንድ በአንድ፣ በእጃቸው ክር ሲያስሩ አገኘኋቸው። ለእኔ ምን ሰጡኝ? ቁልፍ። ቁልፍ ለማንም ይሰጣል።»

ያን ሁሉ ዓመት ስቆጥር ክሩን አልቆጠርኩትም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደምሴ ደጅ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው አልከፈተልኝም። በሁለተኛው ከፍቶ ወንበር ሳይሰጠኝ በቆምኩበት ብዙ አቆየኝ፣ ሰላም እንኳን አላለኝም፣ ግን በሩንም አልዘጋውም። ሦስተኛም እሄዳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያ ሥራዬን ጀመርኩ። ትዕግሥት የፕላስቲክ ወንበር አኖረችልኝ። ሰባት ስምንት ልጆች ነበሩ፣ ግንባሩ በፋሻ የታሸገውም አለ፣ የፈነከተውም አለ፣ አንዱ በዚህ ጥግ አንዱ በዚያ ጥግ። ገና ሳይጀምሩ በሩ ተንኳኳ። ሽፈራው። ማንም አልጠራውም። «ወንበር አለ?» ብሎ ገባ፤ ሻይ ሳይቀዳለት ልጆቹን አስቋቸዋል። አየሁት፣ ያው ነው። እኔም ያው ነኝ፤ ልጆቹ ስንቴ እንደሳቁለት እቆጥር ነበር።

ትዕግሥት ማይኩን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሽ ሳህሌ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ነበር ያሉን?»

«ማንና ማን ነው የማይነጋገረው?» አልኩ።

ሁለቱ ጥጎች መሬት መሬት ያያሉ። ሽፈራው ከዘራውን አነሳና መጀመሪያ በራሱ ደረት፣ ከዚያ በእኔ ላይ ጠቆመ።

«እኔና እሱ ነበርን» አለ።

ልጆቹ ሳቁ። እሱ ሲናገር ሁልጊዜ ይሳቃል። ያን ቀን ግን እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ግንባሩ የታሸገው ልጅ እግር ላይ ዓይኔ እንዳረፈ፣ ተረከዙ ከመሬት ሲነሳ አየሁ።